ሞተሩን ሳያጠፉ ስለ አየራችን ለሚጨነቁልን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የከተማችን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጅዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ደጃፍ ተራ የሚጠብቁት ባለጉዳዮች ሁሉ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ጤናዎ እንደሚያሳስበኝ በትሕትና እገልጻለሁ፤ በተለይም ትንፋሽዎ፣ ምክንያቱም ትንፋሽ እስኪያጥር ድረስ ማንም ልብ የማይለው ነገር መሆኑን ከሁለት ዓመት ወዲህ በገዛ ቤቴ ተምሬያለሁ። እኔ፣ ጠያቂ አያሳጣኝና፣ ደህና ነኝ። ልጄ ግን ደህና አይደለችም፤ ይህም ለእርስዎ አዲስ ወሬ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለማውጣት የተገደድኩት በፖስታ አሽጌ ከላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች ሦስቱ መንገድ ላይ ስለቀሩብኝ ነው። ጸሐፊዎ አራቱም ጠረጴዛዎ ላይ እንደደረሱ ምለው ነግረውኛል፤ እኔ ግን አንብበው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ ብዬ ከማመን ፖስተኛውን መጠርጠር ለክብርዎ ይስማማል ብዬ ፖስተኛውን ጠርጥሬያለሁ። ለአራተኛው መልስ ደርሶኛል፤ እሱን ቦታው ሲደርስ አነሳዋለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ትይዩ ነው፤ ከስፌት መኪናዬ እስከ በሩ አሥራ አንድ እርምጃ ብቻ ስለሆነ፣ አንገቴን ቀና ባደረግሁ ቁጥር የማየው በሩን፣ ከበሩ ፊት የተደረደሩትን የተማሪ ሰርቪሶችና የቤት መኪኖች፣ ከእነሱም የሚወጣውን ጭስ ነው። የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም የምሰፋው እኔ በመሆኔ የአብዛኞቹን ልጆች የደረት ልክ በቃሌ አውቃለሁ። የእኔዋ አራተኛ ክፍል ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አስም አለባት። ክቡርነትዎ ደግሞ ክቡር ከመባልዎ በፊት በዚሁ ሰፈር የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበሩ፤ ከከተማችን ሾፌር ግማሹ መሪ መጨበጥ የለመደው ከጎኑ ተቀምጠው ፍሬን፣ ፍሬን እያሉ ሲጮኹበት ነው፤ ስለዚህም ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ፍሬን እያለ ይጠራዎት ነበር። ቅጽል ስሙ ለሹመትዎ እንደማይመጥን ስለተነገረን በፊትዎ መጥራቱን ትተናል።

አንደኛ፣ ስለ ቀድሞው ውለታዎ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና ከልቤ ነው፣ የቀሩትን አንባቢ እንደፈለገ ይያዛቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ልጆቹ ከትምህርት ሲለቀቁ ልጄ ሞተራቸውን ሳያጠፉ በቆሙ ሁለት ሰርቪሶች መሃል ስታልፍ ትንፋሽ አጥሯት አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች። እኔ መቀሴን ጥዬ መንገዱን እስክሻገር፣ ልጅዎን ለመውሰድ መጥተው ስለነበር፣ እርስዎ ቀድመውኝ አነሷት። መንገዱ በመኪና ተዘግቶ ስለነበር እስከ ጤና ጣቢያው የሮጡት በእግርዎ ነው፤ ከኋላዎ እየሮጥኩ የማየው ጀርባዎንና በትከሻዎ ላይ የተንጠለጠለውን የልጄን እጅ ብቻ ነበር። ትንፋሿ ሲመለስ፣ ሸሚዝዎ በላብ እንደራሰ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ «እህቴ፣ ከእንግዲህ በዚያ በር ላይ አንድ ሞተር ተነስቶ አይቆምም፤ ከቆመ እኔ የለሁም ማለት ነው» አሉኝ። አመንኩዎት፤ ማን ያላምን ነበር?

ቃልዎንም ለጊዜው ጠበቁ። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ፤ እኔ ከተረፈኝ ቢጫ ገበር ስድስት ሰደርያ ሰፋሁ፤ እርስዎና እኔ ከሌሎች አራት ወላጆች ጋር ሰደርያችንን እየለበስን፣ ጠዋትና ከሰዓት ከመኪና ወደ መኪና እየዞርን መስኮት እያንኳኳን ሞተር አስጠፋን። ሾፌሮቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የፈሩት ባትሪያቸውን ነበር፤ ካጠፋነው አይነሳልንም፣ ሞተሪኖውም ያልቃል እያሉ ይለምኑን ነበር። እርስዎ ታዲያ አንድ ዘዴ አመጡ፦ ሞተሩን ያጠፋ ሾፌር አልነሳ ቢለው ኮሚቴው ገፍቶ ያስነሳለታል። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንደዚያ ያለ ኮሚቴ በሕይወቴ አላየሁም። እኔ መርፌ የተሰካበት ሽርጤን እንደታጠቅሁ ናፍታ ሚኒባስ ገፍቻለሁ፤ የሒሳብ አስተማሪዋ በተረከዝ ጫማቸው ገፍተዋል፤ እርስዎ ከሾፌሩ መስኮት ጎን እየሮጡ፣ «ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮን ያዝ፣ አሁን ልቀቅ» እያሉ እንደ ድሮ ተማሪዎ ያዙት ነበር። ሚኒባሱ ተንደቅድቆ ሲነሳ ልጆቹ ከአጥር ውስጥ ያጨበጭቡልን ነበር።

ያ መንገድ ለአምስት ወር ጸጥ አለ። የክፍሎቹ መስኮት ተከፈተ፤ ልጆቹ የማባዛት ሠንጠረዥ ሲደግሙ ድምፃቸው ሱቄ ድረስ ይመጣ ጀመር፣ ሰባትን እስከ አሥራ ሁለት አብሬያቸው ተምሬያለሁ። ልጄ በአምስቱ ወር ከትምህርት የቀረችው ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ እሱም በተራ ጉንፋን። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሁለተኛ፣ ዘግይቼም ቢሆን ስለ ሹመትዎ እንኳን ደስ አለዎት እላለሁ። ዜናው ሲሰማ ከእኛ በላይ የተደሰተ አልነበረም፤ የተሾምነው እኛ መስሎን ነበር። የኮትዎን እጅጌ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፤ ስለካዎት የመጀመሪያ ፊርማዎ የእኛ ጉዳይ እንደሚሆን ነገሩኝ፣ ሆነም። «በትምህርት ቤት አካባቢ ማንኛውም ተሽከርካሪ ሞተሩን ሳያጠፋ በአንድ ቦታ ከሦስት ደቂቃ በላይ መቆም አይችልም» የሚለው መመሪያ ሲወጣ ወላጅ ሁሉ አጨበጨበ። መመሪያውን ከእኛ አስተውለው ያነበቡት ግን ሾፌሮቹ ናቸው። መመሪያው «በአንድ ቦታ» ይላል። ስለዚህ አሁን በበራችን የተሰለፈው መኪና ሁሉ በየሦስት ደቂቃው አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይላል፤ የፊተኛው በሩን ሲያልፍ አደባባዩን ዞሮ ከኋላ ይሰለፋል። ፈቀቅ ለማለት ደግሞ ሞተር ተነስቶ መጠበቅ አለበትና የሚያጠፋ ሾፌር ጠፋ፤ በእኛ ልመና ያጠፉ የነበሩት ሳይቀሩ አሁን ሕግ ለማክበር ሲሉ አያጠፉም። ጽሕፈት ቤትዎ የመደበልን ተቆጣጣሪ በአንድ እጁ ሰዓት፣ በሌላው ፊሽካ ይዞ ሦስት ደቂቃ በሞላ ቁጥር ይነፋል፣ ሰልፉም ይንቀሳቀሳል። ታታሪ ሰው ነው፣ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። እሱም መሳል ጀምሯል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ይመስለኛል፤ ልዩነቱ የወደቀው ከእርስዎ ብብት አለመሆኑ ነው።

ሦስተኛ፣ ስድስቱን ሰደርያዎች ስለሰበሰቡልን አመሰግናለሁ። «ያልተፈቀደ የደንብ ልብስ ለብሶ ተሽከርካሪ ማስቆም» ክልክል መሆኑን የሚገልጸው ደብዳቤ ከነፊርማዎ ደርሶናል። እኛ መኪና አስቁመን አናውቅም፤ የቆመውን ነበር ያስጠፋነው። ከስድስቱ አንዱ የእርስዎ ነው፤ በአንገቱ ውስጥ በኩል «ሰብሳቢ» ብዬ በቀይ ክር ጠልፌበታለሁ፣ ንብረት ክፍል ከሌላው ጋር እንዳይቀላቅልብዎት።

«ንጹሕ አየር ቀጠና» የሚለውን ትልቅ ምልክት ስለተከሉልንም እግረ መንገዴን አመሰግናለሁ። ተካዮቹን ያመጣው የጭነት መኪና ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ሞተሩ እንደተነሳ ሱቄ ፊት ቆሞ ስለነበር፣ በዚያ ቀን የሰፋኋቸውን ነጭ ሸሚዞች እንደገና ማጠብ ነበረብኝ። ይህን በነጥብ አልቆጥረውም።

አራተኛ፣ «በመሥሪያ ቤት ሥራ ላይ የተሰማሩ ተሽከርካሪዎች በመመሪያው አይገደዱም» የሚለውን ማሻሻያ በተመለከተ፣ ጥቅሙን በየጠዋቱ በዓይናችን አይተናል። ልጅዎን አድርሰው ከርዕሰ መምህሩ ጋር ሲጨዋወቱ ነጯ መኪናዎ ሞተሯ እንደተነሳ በሩ ላይ ትጠብቅዎት ነበር። እኔ ጊዜ የምለካው በስፌት ነው፤ አንድ ኮሌታ አራት ደቂቃ ይፈጅብኛል። መኪናዎ አንድ ቀን አምስት ኮሌታ፣ አንድ ቀን ሰባት ኮሌታ ትቆም ነበር፤ አንድ ሐሙስ ግን አንገቱንም እጅጌውንም ጨርሼ ቁልፍ መትከል ጀምሬ ነበር። እሷን ያዩ ሌሎች የመሥሪያ ቤት መኪኖችም ከኋላዋ መቆም ለመዱ። ሾፌርዎን ቀርቤ ብለምነው አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ፤ ጋሼ ሲገቡ የመኪናው ውስጥ በኤሲ ቀዝቅዞ ካልጠበቃቸው ይቆጣሉ» አለኝ። እባክዎ በዚህ ምክንያት እንዳይቆጡት፤ ሞተር በከንቱ ማስነሳት ነዳጅ ማቃጠል ነው ብለው ያስተማሩት እርስዎ ስለሆኑ፣ ያፈረው በእርስዎ ፈንታ ነው።

አምስተኛ፣ የበራችን አየር ተለክቶ «ለተማሪዎች ጤና ተስማሚ» ሆኖ መገኘቱን የሚያበሥረው ወረቀት በፊርማዎና በማኅተምዎ አጥሩ ላይ ተለጥፎልናል። ባለሙያዎቹ መሣሪያቸውን ሱቄ ፊት ሲተክሉ ውሃ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ጨዋ ልጆች ናቸው። የመጡት ግን በሴሚስተር ዕረፍት ሳምንት ነበር። በዚያ ሳምንት በበሩ ያለፈው ተሽከርካሪ የጥበቃው ብስክሌት ብቻ ነው። ትምህርት ሲከፈት ተመልሳችሁ ለኩ ብላቸው፣ «የተሰጠን ቀን ይሄ ነው እናቴ፤ ቀኑን የሚወስኑት ኃላፊው ናቸው» አሉኝ። ወረቀቱን ልጄ ከክፍል ስትወጣ ቆማ አነበበችው። ጎበዝ አንባቢ ናት። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ፣ «እማ፣ አየሩ ጥሩ ከሆነ እኔን የሚያመኝ ምንድን ነው?» አለችኝ። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።

ስድስተኛ፣ ወረቀቱ ከመለጠፉ ሁለት ወር በፊት በአካል ስለተቀበሉኝ አመሰግናለሁ። ሦስት ቀን ደጅ ጠንቼ በአራተኛው ገባሁ። ቢሮዎ ያምራል። መስኮቶቹ እንዳይከፈቱ ሆነው የታሸጉት ከታች ካለው የመኪና ማቆሚያ ጭስ እንዳይገባ መሆኑን ጸሐፊዎ አስረድተውኛል፤ አርቆ አሳቢነት ነው። እኔም ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን የጽሕፈት ቤትዎን ባዶ ግቢ ለተማሪ ማውረጃ እንዲከፍቱልን ጠየቅሁ። ግቢውን ያውቁታል፤ በኮሚቴው ዘመን በልብስ መለኪያ ሜትሬ አብረን ለክተነዋል። ሜትሬ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ሃምሳ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ቀና ብለን ስንጨርስ፣ ወገብዎን ይዘው እየሳቁ፣ «ሠላሳ መኪና ይይዛል፣ ከክፍሎቹም ይርቃል፤ ችግሩ ቁልፉ ያለው ሰው ነው» ብለውኝ ነበር። በመጨረሻ ቁልፉ ያለው ሰው ፊት በመቀመጤ ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ሰው ግን ጉዳዩ በጥናት ላይ መሆኑን ገለጸልኝ፤ ልጄም ከትምህርት ስትወጣ አፏን በሻርፕ ብትሸፍን እንደሚሻል መከረኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቸኛው መልስዎ መጣ። በሁለተኛው አንቀጽ ላይ የልጄ ሕመም «ከእናትየዋ የልብስ ስፌት ሱቅ ከሚወጣ የጨርቅ ብናኝ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል» ተጽፏል። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይህ ነው። ሐኪሟ ሱቄን መጥታ አይታ፣ መስኮቱንም ከፍታ ዘግታ፣ ብናኙ አይደለም ብላኛለች፤ ጭስ ሲበዛ እንደሚብስባትም በጽሑፍ ሰጥታኛለች። ቢሆንም መልስዎን ካነበብኩ ቀን ጀምሮ ልጄ ሱቄ እንዳትገባ ከለከልኩ። እናቷ ናት ያሳመመቻት እንዳይባል ፈራሁ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ እውነት እንዳይሆን ፈራሁ። አሁን ከትምህርት ስትመጣ ከደጅ፣ ያ ሁሉ መኪና በሚያልፍበት ጭስ ውስጥ ቆማ ታየኛለች፤ እኔም ሽርጤን አውልቄ፣ እጄን ታጥቤ፣ ልብሴን አራግፌ ወጥቼ ነው የማቅፋት። ክቡር ሆይ፣ ፊሽካውንም፣ ምልክቱንም፣ ሰደርያውንም ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው እችላለሁ። ያን አንቀጽ ግን አልቻልኩትም። ሌላ ኃላፊ ጽፎት ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። የጻፉት ልጄን ታቅፈው የሮጡት ሰው ነዎት።

ደብዳቤዬ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፤ ስድስት ነጥብ ብዬ ነው የተነሳሁት። ሰባተኛውን ያመጣው የእርስዎ መኪና ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነጯ መኪና ከበራችን ቀረች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ስትቀር፣ እኔ ሞኟ ደብዳቤዎቼ ደረሱ ብዬ ተደሰትኩ። ጋሼ ፍሬን ተመለሰልን ብዬ ለጥበቃው ሳይቀር ነገርኩት። ልጁን ያሳድግለት ብዬ መረቅሁዎት፤ ምርቃቱን አሁንም አላነሳውም። በአራተኛው ቀን መኪናዋ መጥታ ሱቄ ፊት ቆመች። ሾፌርዎ ሞተሩን እንደተነሳ ትቶት ከልጅዎ ጋር ገባ፤ በብብቱ አረንጓዴ ጨርቅ ይዞ ነበር።

አረንጓዴ የእኛ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም አይደለም። አረንጓዴ የሚለብሱት ኮረብታው ላይ ባለው ትምህርት ቤት የሚማሩት ናቸው፤ መኪና ሁሉ ከታችኛው በር ቆሞ ሞተሩን የሚያጠፋበት፣ ልጆቹ በዛፍ ሥር በእግራቸው ወደ ላይ የሚወጡበት።

ልጅዎ ጨዋ ነው፣ እርስዎ ያሳደጉት ነው፤ ይህን ስል አልቀልድም። ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ነበሩ። ልጄ የምትቀመጠው በመንገዱ በኩል ካለው መስኮት ሥር ነበር፤ ከታመመች በኋላ አስተማሪያቸው ማን ቦታ ይቀይራታል ብትል የተነሳው የእርስዎ ልጅ ነው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም በመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሲማር ኖሯል። ደረቱን ስለካው፣ ለሁሉም ልጅ እንደምለው፣ ትንፋሽህን ሳብና ያዝ አልኩት። ሳበ፤ ሊይዘው ግን አልቻለም። ሜትሬ ደረቱ ላይ እንዳለ ሳለ። ያን ሳል አውቀዋለሁ፣ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ውሃ ሰጥቼው ከመቼ ወዲህ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ «ከዕረፍት በፊት ጀምሮ ነው እትዬ፤ ዶክተሩ ጭስ ከሌለበት ትምህርት ቤት ውሰዱት አለ» አለኝ። ልጅ ነው፤ መደበቅ እንዳለበት አልተነገረውም።

ልጅዎን ስላወጡ አልወቅስዎትም። ማን አባት ይተወዋል? እኔም መውጫ ባገኝ በዚያው ቀን አወጣት ነበር። መውጫውንም አግኝቼ ነበር። አምና ኮረብታው ላይ አንድ ቦታ ተለቆ የልጄ ስም ወጥቶ ነበር። ለእርስዎ ብነግርዎ ሱቄ ድረስ መጥተው ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጠው፣ «አንቺ ከሄድሽ ኮሚቴው ይፈርሳል፤ ሸሽተን የት እንደርሳለን፣ የራሳችንን በር እናጽዳ እንጂ፤ የእኔም ልጅ እዚሁ ነው፣ አብረን እንቆያለን» አሉኝ። ነገሩ ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነው። ቦታውን ለሌላ ልጅ ተውኩት። ዘንድሮ ሄጄ ብጠይቅ ከፊቴ መቶ አርባ ልጅ ተመዝግቧል።

አየሩ ተስማሚ ነው የሚለውን ወረቀት የፈረሙት ማክሰኞ ነው፤ ቀኑ አጥሩ ላይ በጉልህ ተጽፏል። ነጯ መኪና ከረቡዕ ጀምሮ ልጅዎን ወደ በራችን አላመጣችም። እነዚህን ሁለት ቀኖች ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኳቸው አልነግርዎትም። ለልጅዎ ሐኪሙን አመኑ፤ ለእኛ ልጆች ማኅተም መቱ። ለዚህ ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ከድተውኛል።

ከእንግዲህ የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። ከመመሪያው ላይ ሦስት ደቂቃ የሚለውን ሰርዘው፣ የእርስዎንም መሥሪያ ቤት መኪና ጨምሮ በትምህርት ቤት በር ቆሞ የሚጠብቅ ሁሉ ሞተሩን ያጥፋ ብለው ይጻፉልን። የግቢውንም ቁልፍ ይላኩልን። አልነሳ የሚል መኪና ካለ እኛ እንገፋለን፤ መግፋት እንደሆነ ያለ ሰደርያም ይቻላል።

ረጅም ዕድሜ ከረጅም ሹመት ጋር እየተመኘሁ፣ ከቢሮዎ ለሚወጣው መመሪያና ከመኪናዎ ለወጣው ጭስ ሁሉ በእኩል ትሕትና እጅ እየነሳሁ፣ ልጅዎ ኮረብታው ላይ በሚተነፍሰው አየር ከልብ እየተደሰትኩ፣

የቀድሞዋ የኮሚቴ ባልደረባዎ፣ የኮትዎ እጅጌ አሳጣሪ፣
ከትምህርት ቤቱ በር ትይዩ ያለችው ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለወላጆች ኮሚቴ፣ ካለ
ለፖስተኛው፣ ከይቅርታ ጋር

ማስታወሻ፦ የልጅዎ ዩኒፎርም ደርሷል፤ በማንኛውም የሥራ ቀን መጥተው ይውሰዱት። ያለ ቂም ነው የሰፋሁት። ሱቄ ውስጥ ሲሰነብት መንገዳችንን መሽተት ስለጀመረ ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ አዲሶቹ ጓደኞቹ ከየት እንደመጣ እንዳይጠይቁት አንድ ጊዜ ቤትም ይታጠብለት። ደረቱ ላይ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ ትቼለታለሁ፤ ትንፋሹ ሲመለስለት ይለቀቅለታል። በመስኮቱ ሥር የተወው ቦታም ባዶ አልቀረም። ክፍሉ የተጨናነቀ ስለሆነ አስተማሪዋ ባለፈው ሰኞ ማን ይቀመጥበታል ብላ ጠይቃ ነበር፤ እጇን ያወጣችው የእኔ ልጅ ናት። አስተማሪዋ እምቢ ብላት ነበር አሉ፣ ሌላ እጅ ግን አልወጣም። ላስነሳት ሄጄ ነበር። «እኔ ከተነሳሁ ሌላ ልጅ ይቀመጥበታል፣ እማ» አለችኝ። ለዚህ መልስ ካለዎት በጽሑፍ ይላኩልኝና አነብላታለሁ።